የጋሽ ሽብሩ ለቀስተኞች ጥርስ

እና ይሄ ሁሉ ጥርስ የማን ነው፣ ከዲላ ተነስቶ ወናጎን አልፎ ኮንጋ የሚገባ ጥርስ፣ ገሪማ ኮምፒዩተሩን ሊነክሰው ምንም አልቀረው፣ በገዛ እጁ በሠራው የሐዘን ገጽ ላይ፣ ከአጎቱ ከጋሽ ሽብሩ ፎቶ ሥር፣ ቢጫ ፊት በቢጫ ፊት ላይ ተደራርቦ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። በጋሽ ሽብሩ። ትናንት አፈር በለበሱት ሰው።

እስከ ጠዋት እኮ ባዶ ሣጥን ብቻ ነበር፣ ሰው ኢሞጂ ይልካል፣ ገጹ ሣጥን ያሳያል፣ ገሪሜ፣ ከሰዓት ድንኳን ውስጥ በፕሮጀክተር ለእማዬ ስናሳያት ይሄ ምን ሊባል ነው፣ የሬሳ ሣጥን መሰለ እኮ፣ አለችው ማርቲ፣ የሟች ልጅ፣ እሺ አላት ጀግናው፣ ገጹን በሠራበት ፍሬምወርክ ላይ አንዲት የኮድ መስመር ጨመረ፣ እያንዳንዱ ኢሞጂ በስሙ የተቀመጠለትን ምስል እየጎተተ መጣ፣ መጣና ይኸው፣ ገለፈጠ።

ሀጅራ ባለሱቋ፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ፣ ከዚያ ጥርስ። ይርጉ የእድሩ ጸሐፊ፣ የዲላን ሕዝብ ሁለት ጊዜ የቀበረ ሰው፣ እሱም ጥርስ። ጎረቤቱ ከፈለኝማ ይገባኛል፣ ከጋሽ ሽብሩ ጋር በአጥር ወሰን ተጣልቶ ቀብር እንኳ አልመጣም፣ ስልክ ሲሸጥ የሚውል ሰው የቱ ኢሞጂ እንደሚስቅ አጥርቶ ያውቃል፣ ቃል የለ ምን የለ፣ ጥርሱን ብቻ ደርድሮታል፣ ባለጌ፣ ልሰርዘው፣ ሁሉንም ልሰርዝ፣ ስማቸውን በማይክ ላንብብላቸው፣ ጣቱ መሰረዣው ላይ፣

እትዬ ሙሉእመቤት።

የጋሽ ሽብሩ ሚስት። ሽብሩዬ፣ ለማን ጥለኸኝ። ከሥሩ ያው ጥርስ።

ጣቱ ይቆማል። ደረታቸውን ሲመቱ አይቷቸው የለ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ በእጅ ሲያወሩ፣ እሳቸውም ይስቃሉ? እንባውን አይተው ነው። ስልክ ላይ፣ ጤፍ በምታህል ፊት፣ ሁሉም ያየው እንባውን ነው፣ ጥርሱን ድፎ ዳቦ አሳክሎ ያመጣው እሱ፣ አዋቂው፣ ደግሞ ያ ኢሞጂውን የሣለ ሰዓሊ፣ እንባ ሥር ጥርስ የሚተክል፣ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም?

ገሪሜ፣ ወንበር ሞልቷል፣ ማርቲ ናት፣ መጣሁ። የምስሎቹን ፎልደር ይከፍታል፣ የሚስቀውን አውጥቶ ይጥላል፣ የሚያለቅሰውን በተጣለው ምስል ስም ሰይሞ በቦታው ያስቀምጣል፣ ገጹን ያድሳል። ሀጅራ ታለቅሳለች። ይርጉ ያለቅሳል። እትዬ ሙሉእመቤት እንደ ትናንቱ።

ከፈለኝም፣ ተርታውን።

አልቅስ፣ ይላል ገሪማ ፕሮጀክተሩን አቅፎ ሲወጣ፣ ሳትወድ አልቅስ።