የቦሊቪያው ካፒቴንና አባቴ

1. መንግሥት

ስለ ቦሊቪያ በማዘጋጀው መግለጫ ላይ ዋና ከተማዋ ላ ፓዝ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ተሳስቻለሁ።

ያረመኝ ካፒቴን ኤቫሪስቶ ኮንዶሪ ነው፤ ከቦሊቪያ ባሕር ኃይል በጡረታ የወጣ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ አጭር ሰው። መንግሥቱ የሚቀመጠው ላ ፓዝ ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ ዋና ከተማ የሚለው ሱክሬን እንደሆነ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በመሥሪያ ቤታችን የቦሊቪያ ኤክስፐርት እኔ ነኝ። ቦሊቪያን አይቻት አላውቅም። በደርግ ጊዜ የስኳር ቴክኖሎጂ ልማር ኩባ ተልኬ፣ ስኳሩን ረስቼ ስፓኒሹን ይዤ ተመለስኩ። አለቃዬ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ይኼ ይበቃል ብለው ሾሙኝ።

2. ኢኮኖሚ

ጋዝ። ሊቲየም። ቆርቆሮ። አኩሪ አተር።

(አንባቢ ሆይ፣ ዝርዝሩን ከኢንተርኔት ሳይገለብጠው አልቀረም ብለህ ከጠረጠርክ፣ ልክ ነህ።)

ያልገለበጥኩት ነገር ቢኖር ይህ ሁሉ ዕቃ በየት እንደሚወጣ ነው። ቦሊቪያ ድሮ ከቺሊ ጋር ተዋግታ የባሕር ዳርቻዋን አጥታለች። ዛሬ ዕቃዋን የምትልከው በጎረቤት ወደብና በወንዝ ነው። ካፒቴኑም ከቦሊቪያ ልዑካን ጋር አዲስ አበባ የመጣው እኛ በሰው ወደብ እንዴት እንደምንነግድ ሊያይ ነው።

3. የውጭ ግንኙነት

ልዑካኑን በተቀበልንበት ስብሰባ ላይ ወይዘሮ ሙሉእመቤት በአማርኛ ቀለዱ። «ኧረ ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል ምን ይሠራል?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አለቃዬ ናቸውና ከሰው ሁሉ አስበልጬ ሳቅኩ። ካፒቴኑ ይተረጎምልኛል ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ስለ ሥራችሁ ቢያብራሩልን ደስ ይለናል ይላሉ» አልኩት።

እሱም ከልቡ አብራራ። በወንዞቹ ላይ እንደሚቃኙ፣ ጎርፍ የከበባቸውን መንደሮች በጀልባ እንደሚያወጡ፣ ቲቲካካ በሚባለው ትልቅ ሐይቅ ላይ ወጣቶችን እንደሚያሠለጥኑ ተናገረ። ሲጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሳቁን እኔው ራሴ ተርጉሜዋለሁ» አለኝ።

4. የውጭ ግንኙነት (የቀጠለ)

በማግስቱ ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡን ላሳየው ወሰድኩት። ኮንቴይነሩ ተደራርቦ ቆሟል፤ ነፋሱ አቧራ ያነሳል። «ደረቅ ወደብ» የሚለውን ስም ስተረጉምለት ቆም ብሎ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ደገምኩለት። ባርኔጣውን አወለቀ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮት ያይ ነበር። የትናንቱን ሳቅ የማካክስ መስሎኝ፣ አባቴም የባሕር ኃይል ሰው እንደነበርና እዚሁ ቢሾፍቱ እንደሚኖር ነገርኩት።

ካፒቴኑ ሾፌሩን አስቆመው።

5. መንግሥት

በቤታችን መንግሥት አባቴ ነው። አቶ ዘለለው፣ የመርከብ ሞተር ባለሙያ የነበረ፤ ከምጽዋ ከተመለሰ ወዲህ ስለ ባሕር አንድም ቀን አንስቶ የማያውቅ ሰው። ዓሣ አይበላም። ሐይቅ ባለበት ከተማ እየኖረ ወደ ሐይቁ አይወርድም። የድሮ ባልደረቦቹ በዓመት አንዴ ሲሰበሰቡ ቢጠሩትም አይሄድም።

6. የውጭ ግንኙነት

በእኔና በአባቴ መካከል ያለው ግንኙነት ወዳጅነት የተሞላበት ነው፤ የምንነጋገረው ግን ስለ ደም ግፊቱ ብቻ ነው።

(መግለጫ መጻፍ እንዲህ ነው። ሳይዋሹ ብዙ መደበቅ ይቻላል።)

7. የንግግሩ ቃለ ጉባኤ

ቦታ፦ የአባቴ በረንዳ።

ተርጓሚ፦ እኔ፣ እንዳለ ዘለለው። ሌላ ሰው ስላልተገኘ።

አባቴ እንግዳውን አይቶ ቅር ያለው መሰለኝ። ማን እንደሆነ ስነግረው ግን ሳይታሰብ ብድግ አለ፤ ሸሚዙንም እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰላምታ ተሰጣጡ። ከዚያ ስለ ሞተር ጀመሩ፤ እኔ ስማቸውን እንኳ ስለማላውቃቸው የሞተር ክፍሎች በእጃቸው እየተግባቡ ተጫወቱ። እኔን የፈለጉኝ ዘግይተው ነው።

አባቴ፦ ባሕሩን ካጣችሁ ስንት ትውልድ አለፈ በለው።

ካፒቴን፦ አባቴ አላየውም። አያቴም አላየውም።

አባቴ፦ አንተስ?

ካፒቴን፦ በእንግድነት፣ በሰው አገር። ወጣት ሳለሁ ለሥልጠና ልከውኝ። ውኃውን በጣቴ ቀመስኩት።

አባቴ፦ ጨዋማ ነበር?

ካፒቴን፦ በጣም።

አባቴ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ከዚያ ሳቁ ቆመና እጁን በጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

አባቴ፦ እኔ ጓደኞቼን እዚያ ትቼ መጣሁ። ያንን ተሸክሞ እንዴት እንደሚኖር አላወቅኩም፤ ዝም አልኩ። እናንተስ ይህን ሁሉ ዘመን ምን እያደረጋችሁ ኖራችሁ? ጠይቅልኝ።

ጠየቅኩት።

ካፒቴኑ የመለሰው በአንድ ቃል ነው።

«ኤስፔራሞስ።»

8. ስለ ትርጉም

በስፓኒሽ ይህ አንድ ቃል ሁለት ነው። እንጠብቃለን ማለት ነው። ተስፋ እናደርጋለን ማለትም ነው። ካፒቴኑ የትኛውን እንዳለ ፊቱ ላይ ፈለግኩ፤ እሱ ግን የሚያየው አባቴን ነበር።

አንደኛው አባቴን መልሶ ዝም የሚያሰኘው መሰለኝ። ሁለተኛው የሚያስለቅሰው። ወይም ተቃራኒው። ኤክስፐርቱ አያውቅም።

9. የውጭ ግንኙነት

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ።

እኔም ከሁለቱ አንዱን መርጬ ተረጎምኩለት፦

«                              »