እባክህ የሌለበት ቋንቋ

በሴራሚክ መጋዘኑ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም ጡሩምባ ነው የሚሉት። ድምፁ ከመጋዘኑ ጥግ ተነሥቶ በር ላይ የቆመውን የጭነት መኪና ሹፌር ከእንቅልፉ ያባንናል። ዕድሜውን ካርቶን ሲሸከም ኖረ፤ ቻይንኛንም እዚያው፣ ካርቶን ሥር ሆኖ፣ ያለ ደብተር በጆሮው ለቀመው። ያስተማረው አለቃው ነው፤ ከነቋንቋው ከሩቅ የመጣ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ቀጭን ሰውዬ። አለቃው ይጮኻል፤ ጡሩምባም ተቀብሎ ለጫኞቹ ይጮኻል።

"አትጎትቱት፣ አንሱት ነው የሚለው! ምን ያፈዛችኋል ነው የሚለው!"

አንዳንድ ጫኝ ደሙ ሲፈላ፣ "ይሄ ሰውዬ እኮ እየሰደበን ነው" ይላል። ያኔ ጡሩምባ ጠበቃ ይሆናል።

"ተው እንጂ አንተ! ቋንቋቸው ነው። እባክህ የሚል ቃል የላቸውም። እናቱንም እንዲሁ ነው የሚያናግራት።"

ይህን ከልቡ ያምን ነበር። ባያምን ኖሮ እዚያ ቤት አይከርምም ነበር።

የኩባንያው ቢሮ አስተርጓሚ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ሥራ አስኪያጁ ጡሩምባን ቢሮ አስጠራው። ኩባንያው ለአንድ ሴሚስተር ወደ ቋንቋው አገር ልኮ ሊያስተምረው ነው። ሲመለስ ይፈተናል፤ ካለፈ የአስተርጓሚው ወንበር የሱ ነው፣ ከወደቀ ወደ ካርቶኑ። ጡሩምባ ወንበሩን በዓይኑ ለካው። ጥቁር፣ የሚሽከረከር፣ መደገፊያው ትንሽ የተቀደደ ነበር። ቅዳዱ አልታየውም።

የሽኝቱ ምሳ ላይ የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ባንክ ቤት የሚሠራው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተነሣ።

"ስድስተኛ ክፍል ያቃተህ ሰውዬ ደግሞ ቻይንኛ? በል እንግዲህ፣ ቋንቋውን በጀርባህ ተሸክመህ ና!"

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሚስቱ አፏን በመዳፏ ከደነች እንጂ ሳቋን አላቆመችም። ጡሩምባም አብሮ ሳቀ፤ ሳቀ እንጂ አልረሳም። ይኸው ሰው በሠርጉ ቀን፣ "እህቴ ዕቃ የሚያነሣላት አገኘች" ያለውንም አልረሳም። ሁለቱንም ሆዱ ውስጥ ከትቶ አውሮፕላን ላይ ወጣ።

እዚያ የገባበት ክፍል በልጅ እግር ተማሪዎች የተሞላ ነበር። መምህሯ ድምፅዋ ዝግ ያለ ወጣት ሴት ናት። በቻይንኛ ራስህን አስተዋውቀን አለችው። ተነሥቶ ስሙን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር ተናገረ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ልጅ እስክሪብቶዋ ከእጇ አመለጣት። መምህሯም ፈንጠር ብላ ቆመች።

"ማነው ያስተማረህ?"

"አለቃዬ!"

"ተጣልታችሁ ነበር?"

"ኧረ በጭራሽ! ስንስማማ ነው እንዲህ!"

ሱቅ ሄዶ፣ "ሳሙና! ቶሎ በል! ምን ያፈዝሃል!" ሲል ሽማግሌው ባለሱቅ ሳሙናውን ሰጠው፤ መልሱን ግን ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት። ጡሩምባ የሰውየው ጠባይ ነው ብሎ አለፈው። አብሮት የሚያድረው ያገሩ ልጅም አንድ ቀን ለመነው።

"ጋሼ፣ በፈጠረህ፣ ከኔ ጋር እንኳ በአማርኛ እናውራ። በነሱ ቋንቋ መብራቱን አጥፋ ስትለኝ ከሥራ ያባረርከኝ ይመስለኛል።"

ከዚያ አንድ ጠዋት መምህሯ፣ "ዛሬ ሰውን ነገር መለመን እንማራለን" ብላ ሰሌዳውን ሞላችው። እባክህ፣ ካላስቸገርኩህ፣ ጊዜ ካለህ፣ ደክሞህ ካልሆነ። ቦታ ጠቦባት ሰሌዳው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ጡሩምባ እጁን አወጣ።

"ይሄ ለትልልቅ ሰዎች ነው?"

"ለማንም ነው።"

"ለጫኝስ?"

"ለጫኝም። ለምን አይሆንም?"

ተቀመጠ። ከትምህርት ወጥቶ አልጋው ላይ ተጋደመና ይቅር ብሎ የቀበረውን ሁሉ ያወጣው ጀመር። ካርቶን እግሩ ላይ የወደቀ ጊዜ አለቃው ያለውን። ሚስቱ ምጥ ይዟት ፈቃድ የጠየቀ ጊዜ ያለውን። ያኔ እየሮጠ ሄዶ፣ "ጨዋ ሰው ነው፤ ሂድ አለኝ" ብሏት ነበር። ሰውየው ግን ጥፋ ከፊቴ ነበር ያለው። ቃሉን ያኔም ያውቀዋል። ሌላ የሚባልበት መንገድ መኖሩን ነው ያላወቀው።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘውና ተማረ። ሽማግሌው ባለሱቅ መልሱን እጁ ላይ ያኖርለት ጀመር። የጡሩምባ ድምፅ ግን እየወረደ ሄደ፤ በአማርኛም ጭምር። ሚስቱ በስልክ ደነገጠች።

"ምነው ድምፅህ? አመመህ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። እዚህ እንዲህ ነው የሚወራው።"

"ከማን ጋር ነው እንዲህ ተለሳልሶ የሚወራው?"

አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ የፈተናው ቀን፣ ሥራ አስኪያጁ ሊፈትነው መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። አንድ ቁልል ካርቶን ተደርምሷል፤ አለቃው በቻይንኛ የጫኞቹን ዘር ማንዘር እያነሣ ያወርዳል። ጡሩምባ ጉሮሮውን እንደ ድሮው ቢከፍት ወንበሩ የሱ መሆኑን ያውቃል። ወደ ጫኞቹ ዞረ።

"ከላይ ጀምራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንሱት ብሏል። እባካችሁ።"

"አንተ ጡሩምባ!" አለ አንዱ ጫኝ፣ "እባካችሁን ከየት አመጣኸው? ሰውየውን እኮ እየሰማነው ነው!"

ሳቅ ሆነ። አለቃው ሳቁን ሲሰማ ነደደ።

"ያልኩትን ሁሉ ንገራቸው! አንዲት ሳታስቀር!"

ጡሩምባ ጎንበስ አለና በመምህሯ ቻይንኛ፣ በመምህሯ ድምፅ መለሰለት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱን ራስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል። እሱን ያህል ቻይንኛ ሁሉም ይችላሉ። እባካችሁ ማለት ሲፈልጉ ግን እኔ አለሁ።"

አለቃው ሲጋራውን ከአፉ አወረደ። ስድብ እንዳይለው ስድብ የለበትም። ሥራ አስኪያጁ፣ "ቋንቋህ አምሯል" አለው፤ "በዚህ አነጋገር ግን መኪና አይጫንም።"

ወንበሩ ጉሮሮው ለሰፋ ሌላ ሰው ተሰጠ። የሚስቱ ወንድም ወሬው ሲደርሰው እየሳቀ መጣ።

"እህሳ፣ ተሸክመኸው መጣህ?"

"መጣሁ። የሚያራግፈኝ ጠፋ እንጂ።"

አለቃው አሁንም በሌሎቹ ላይ ይጮኻል። ጡሩምባ ጋ ሲደርስ ግን ግራ ቀኙን ያያል፤ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን ያጣራል፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እባክህ፣ ያንን አንሣልኝ" ይለዋል። ጡሩምባ ጎንበስ ብሎ ያነሣል። ካርቶኑ እንደ ድሮው ይከብዳል።