ፍም አስያዥዋ ምራት

አገር ይስማ፣ ወገን ይስማ፤ በዚያ ቀን የሽማግሌው የሪሳል ሲንግ የትምባሆ ጋያ ሳይለኮስ ዋለ! በሕንድ፣ በሀርያና ባለች መንደራቸው እንዲህ ያለ መዓት ወርዶ አያውቅምና ወንዶቹ ተሰብስበው የሚያጨሱበት መቀመጫ ልቅሶ ቤት መሰለ። ጋያውን የምትለኩሰው የሪሳል ምራት ቢምሌሽ ከባሏ ከጃይቪር ጋር ከተማ ሐኪም ቤት ሄዳለች።

ልጅ ለማግኘት ያደረጉት ሦስተኛው ሙከራም ከሽፏል። በሐኪም እጅ ከአካሏ ውጭ ተፀንሶ ማህፀኗ ውስጥ የገባው ጽንስ አልያዘም።

«እስቲ እንደገና ልጠይቅሽ» አለች ዶክተር ሜናካ። «ታጨሻለሽ?»

«ኧረ በስመአምላክ! እኔ?» ቢምሌሽ መሸፈኛዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «የሚያጨሱት አማቴ ናቸው። እኔ ለኩሼ ብቻ ነው የምሰጣቸው።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ማድ ቤት ቁጭ ብዬ ፍሙ እስኪይዝ እስበዋለኋ!» ጉንጮቿን አጎድጉዳ አሳየቻት። እንደሷ ፍም የሚያስይዝ የለም ስለሚባል ትንሽ ኮራ ብላለች። «ጠዋትና ማታ ነው። እንግዳ ከበዛማ አይጠይቁኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «እሱ እኮ ማጨስ ነው፣ እህቴ። ትምባሆ የሴትን እንቁላል ያለጊዜው ይጨርሳል፤ ሕክምናውም እንዳይሠምር ያደርጋል። የከሸፈው በዚህ ብቻ ነው ልልሽ አልችልም። ግን በየጊዜው ጠይቄሽ ነበር።»

«እውነቴን እኮ ነው አላጨስም ያልኩት» አለች ቢምሌሽ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አሁን ብተወውስ?»

«ተይው። ለጤናሽ ይበጅሻል። እንቁላሉ ግን… የሚወሰድ አልቀረም።»

አውቶቡሱ ውስጥ ጃይቪር መስኮቱ ላይ ተደግፎ አለቀሰ። እሷን እንባ እንቢ አላት፤ አፏን የሞላው የትምባሆ ጣዕም ብቻ ነበር።

ገና ከደጅ ሲደርሱ አማቷ ሪሳል ከወንዶቹ መቀመጫ ተጣሩ። «መጣሽ፣ ልጄ? ኧረ ድረሽልን፣ ጋያው ሞተብን!»

ጃይቪር አባቱን ወደ ጓሮ ወስዶ ዶክተሯ ያለችውን አንሾካሾከላቸው። ቢምሌሽ ከማድ ቤቱ በር ኋላ ቆማ አየቻቸው፤ ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው ዝቅ አሉ፣ ከዚያ ቀና አሉ። ወደ ወንዶቹ ተመልሰው ገቡና ጋያውን አንስተው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ከሰከሱት።

«ሪሳል! አበድክ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ምራቱ ትምባሆ ነፈገችው መሰለኝ!» ሌላው ተሳለቀ። ሁሉም ሳቁ።

«ስሟን አታንሳ» አሉ ሪሳል። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጋያ አይለኮስም።»

«ምን ተገኘና? ለወንድሞችህ እንኳ አትነግርም?»

ዓይናቸው እንዳያጋልጣት፣ ሪሳል ቢምሌሽ ወደቆመችበት የማድ ቤት በር አላዩም።

«አልናገርም።»