ወደ ግራ የምትስብ ጀልባ

እኔ ጋሪ ሠሪ ነኝ። ናዝሬት ውስጥ ከሚሽከረከሩት ጋሪዎች ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ ብል የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። ውሃ ግን አልወድም። ዋና አልችልም፤ ሶደሬ እንኳ ሄጄ የምገባው እስከ ጉልበቴ ነው። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ቆቃ ሐይቅ ላይ በጀልባ ስንገላታ የሰነበትኩት ወድጄ አይደለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የነጋሳ ሚስት ኢፍቱ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። ነጋሳ የቆቃ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የሞተር ጀልባ ነጂ ነው፤ ወዳጄ ነው፣ በዕድሜ ግን ልጄ ሊሆን ይችላል። ጀልባዋ ጣሊያን ሠራሽ፣ የእንጨት፣ አሮጊት ናት። ድሮ ሐይቁ ዳር ቪላ የነበረው አንድ ሀብታም ይዝናናባት ነበር፤ ቪላው ሲወረስ እሷም ተወርሳ ዓሣ መጫን ጀመረች። ኢፍቱ ከመምጣቷ በፊት በነበረው ሳምንት ከላይ የመጡ እንግዶችን ይዛ ስትበር በድንገት ወደ ግራ ዞራ ከዳር ድንጋይ ጋር ተላተመች። የአንዱ እንግዳ እግር ተሰበረ። ነጋሳም ሆን ብሎ ነው፣ አሻጥር ነው ተባለና ታሰረ። ያኔ አሻጥር የሚለው ቃል ሰውን የት እንደሚያደርስ የማያውቅ አልነበረም።

ኢፍቱ አላለቀሰችም። ዓርብ አጣሪ ኮሚቴው እንደሚቀመጥ፣ ነጋሳ ጀልባዋ በራሷ ወደ ግራ ትስባለች እያለ እንደሚምል፣ የሚሰማው ግን እንደሌለ ነገረችኝ።

"ጋሼ ሐዲስ፣ እንጨቷን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም" አለች። "ያመማትን ይፈልጉልኝ።"

እውነቷን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የጀልባዋ ሆድ ሲበሰብስ የጠገንኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ነጋሳ ትስበኛለች እያለ ሲያማርር ሰምቼ እጅህን አጥብቅ ብዬ ስቄበታለሁ።

የዚያኑ ዕለት ዕቃዬን በከረጢት ይዤ ቆቃ ወረድኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ አምባዬ፣ ማኅበሩ ሥራ ስለፈታ፣ የተሰበረውን አፍንጫዋን እንድጠግን ፈቀደልኝ። ማክሰኞ አፍንጫዋን ደፈንኩና ሰንበታ የሚባል ሽማግሌ አስጋሪ እየነዳልኝ ወጣን። ቀስ ስትል ጨዋ ናት። ፍጥነት ሲጨመርላት አፍንጫዋን ታነሳለች፣ ቀኝ ጎኗ ዘጭ ይላል፣ መሪው ከእጅ እየተፈለቀቀ ወደ ግራ ትሄዳለች። ነጋሳ አልዋሸም። በጣም ደስ አለኝ፤ የቀረኝ ምክንያቱን ማግኘት ብቻ ነው።

መሪውን ከኋላዋ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ላልቶ ነበር፤ አጠበቅኩት። ሳበች። ውሃ ውስጥ የሚገባውን የመሪ ሰሌዳ በቱምቢ ለካሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። የነዳጁን በርሜል ወደ ግራ ጎኗ አዛወርኩ፤ ትንሽ ተሻላት እንጂ መሳቡን አልተወችም። ረቡዕ እንዲሁ አለቀ። ሰንበታ ጂኒ ይዟታል፣ ተዋት አለኝ። ጂኒ ቢሆን ኖሮ ባሰኘው ሰዓት ይስባል እንጂ ፍጥነት እየጠበቀ አይስብም አልኩት። እልህ ይዞኛል፤ እልህ ከያዘኝ ደግሞ ውሃም አልፈራም።

ሐሙስ ጠዋት ስምንት ሰው ለምኜ ጀልባዋን ዳር ላይ ገለበጥናት። ሰዎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ ከአፍንጫዋ ጀምሬ ሆዷን በእጄ ዳበስኩ። ግራ ኋላዋ ላይ ስደርስ መዳፌን አንድ ነገር ቧጨረኝ። እንጨቷ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባውን ጥቁር ካትራም ፋቅኩት። የኔው ላሜራ ነው።

የጋሪ ወለል ላይ ላሜራ ስንመታ የኋላውን ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች እናጥፈዋለን። የዝናቡ ውሃ በጠርዙ ይንጠባጠባል እንጂ ተመልሶ ወደ እንጨቱ አይገባም። ናዝሬት ውስጥ ይህን የማያደርግ ጋሪ ሠሪ፣ ሠሪ አይባልም። የበሰበሰው የጀልባዋ ግራ ኋላ ብቻ ነበርና እዚያ ላይ ላሜራ ስመታ እጄ እንደለመደው አጥፎታል። ጀልባዋ ስትበር ያ ጠርዝ ውሃውን እየገፋ ግራ ኋላዋን ሽቅብ ያነሳል፣ እንደ ፍሬንም ይይዛታል። ነጋሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲታገል የኖረው ከእኔ ሥራ ጋር ነው።

ቁጭ አልኩ። አፈርኩ፤ ፈራሁም። ያን ጠርዝ መቁረጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም አላየኝም። ግን ብቆርጠው ጀልባዋ ነገ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ነጋሳም ውሸታም ይሆናል። ደህና ጀልባ ድንጋይ ላይ ያላተመ ሰው ደግሞ አሻጥረኛ ነው። ምክንያቱን ደብቄ መሳቧን ብቻ ባሳይስ? አምባዬ ያበላሻት ራሱ ነጋሳ ነው ይላል። ያወጣሁትን የላሜራ መቀስ ወደ ከረጢቱ መለስኩ። ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልኩ፤ ሲመሽ ተጣልቼ ጨረስኩ።

ዓርብ ኮሚቴው ሳይቀመጥ ጓድ አምባዬን ጀልባዋ ላይ እንዲወጣ ለመንኩት። የፋብሪካ መካኒክ የነበረ ሰው ነው፤ ቁጡ ነው፣ ብረት ግን ያውቃል። መሪውን ለራሱ ሰጠሁትና የጀልባዋን ጎን በሁለት እጄ ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፍጥነት ሲጨምር ወሰደችው። መለሳት፤ ደግማ ወሰደችው። በሦስተኛው ሞተሩን አጥፍቶ ላቡን ጠረገ። ዳር ወጥተን ገለበጥናት፣ ላሜራውን አሳየሁት፣ የታጠፈውን ጠርዝ ዓይኑ እያየ ቆርጬ ሞረድኩት። እንደገና ስንወጣ እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። ግድቡ አጠገብ ደርሰን እስክንመለስ መሪውን የያዘው በአንድ ጣቱ ነበር።

ዳር ስንደርስ የላሜራውን ቁራጭ ከመሬት አነሳ።

"ይህን የመታው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አውቀህ ነው?" እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ሲለኝ ነበር።

"እንደ ጋሪ ነው የመታሁት፤ የማውቀው ጋሪ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ነጋሳ የለበትም። ጓድ፣ ይጻፉት፤ እፈርማለሁ።"

ቁራጩን አገላብጦ እጥፉን በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ጻፈ። አሻጥር አላለም፤ ቸልተኝነት ብሎ ጻፈ። ነጋሳ በዚያው ዕለት ተፈታ፣ እኔ ለሁለት ወር በእሱ ቦታ ገባሁ።

የታሰርኩበት ፖሊስ ጣቢያ ምግብ አይሰጥም፤ ለእያንዳንዱ እስረኛ ከቤቱ ይመጣለታል። እኔ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የምበላው ምግብ ቤት ነው። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ዘበኛው ስሜን ሲጠራ የተሳሳተ መስሎኝ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ደግሞ ጠራኝ። በሩ ላይ ነጋሳ ቆሟል። ጢሙን ገና አልተላጨም፤ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዟል። እንኳን ፈቱህ አልኩት።

"ኢፍቱ ናት የላከችው" አለ፣ ፊቱን ሳይመልስልኝ። "እኔ ገና አልበረደልኝም።"

"ልክ ነህ" አልኩት።

ቋጠሮውን ፈትቼ መብላት ጀመርኩ። ሳህኑን አስቀምጦ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ በልቼ እስክጨርስ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። ባዶውን ሳህን ተቀብሎኝ በጨርቁ ጠቀለለና "ነገም እመጣለሁ" ብሎ ሄደ።