በታልጋና ቅቤ ፋብሪካ የሞተው አፍንጫ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። የማያምን ካለ ታልጋና ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። መንገዱ ሩቅ፣ አቧራውም ብዙ ስለሆነ ማመኑ ይቀለዋል። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ይሄ የያዝኩት እርሳስ እጄ ላይ ይሰበር።

ኦስመንድ ፔንግሊ የታልጋና ቅቤ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። የወረዳው ምክር ቤት ሰብሳቢም እሱ፣ የእሳት አደጋ ጓድ አለቃም እሱ፣ የከብት ትርኢቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበርም እሱ። በከተማዋ ውስጥ ወንበር የተደረደረበት ክፍል ካለ፣ ከፊት ያለው ባለመደገፊያው የፔንግሊ ነው። ይህን ሁሉ ወንበር ያስገኘለት ጭንቅላቱ አልነበረም። አፍንጫው ነበር።

ጠዋት ጠዋት ገበሬው ሁሉ ከወተቱ የገፈፈውን ክሬም በጣሳ ጭኖ ፋብሪካው በር ላይ ወዳለው የእንጨት መድረክ ይመጣና ይሰለፋል። ፔንግሊ የጣሳውን ክዳን ያነሳል፣ ክዳኑን ያሸታል፣ ከዚያ በጠመኔ ጣሳው ላይ ቁጥር ይጽፋል። አንድ ማለት ምርጥ ነው። ሁለት ማለት ቤትህ ግባና እፈር ነው። ላሟ የዱር ሽንኩርት ግጣ እንደሆነ፣ ጣሳው በፈላ ውሃ ሳይታጠብ ቀርቶ እንደሆነ፣ ያ አፍንጫ ያውቃል። አንድ ጊዜማ ክዳን አሽትቶ፣ "ይቺ ላም ማክሰኞ ዕለት ከፍቷት ነበር" አለ። ጥጃዋ የተሸጠባት ማክሰኞ ነበር።

ሰዉ ፔንግሊን አምርሮ ይጠላው ነበር። እሱም መልሶ ለመጥላት አልሰነፈ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዝርክርክነት ሲያሸት ኖሮ ሰውን ከየት አምጥቶ ይወዳል?

በሃያ ሁለተኛው ዓመት ክረምት ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ ሲለቀው አፍንጫውን ይዞት ሄደ። ፔንግሊ ኮምጣጤ አሸተተ፤ ምንም። ላምባ አሸተተ፤ ምንም። የራሱን ካልሲ አሸተተ፤ ካልሲ ሳይሆን አየር ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አሰበ። የፋብሪካው ቦርድ አባላት ገበሬዎች ናቸው። ከመካከላቸው ሁለት ያልተጻፈበት የለም። ይቺን ነገር ከሰሙ በዚያው ቀን ከመድረኩ ያወርዱታል፤ ማውረድ ብቻም ሳይሆን እያፏጩ ነው የሚያወርዱት።

ስለዚህ ለሚስቱም አልነገራት። በማግስቱ መድረኩ ላይ ወጣ፣ ክዳን አነሳ፣ እንደ ወትሮው ረዘም አድርጎ ሳበ፣ ከዚያ በክዳኑ አናት ላይ አሻግሮ የገበሬውን ፊት አየ። አጥብቆ ለሚጠላው ሁለት፣ ላላ አድርጎ ለሚጠላው አንድ ጻፈ።

አምስት ወር ሙሉ ማንም ልዩነቱን አላወቀም። ድሮም "ፊት አይቶ ነው የሚጽፈው" ብለው ያሙት ነበርና፣ አሁን እውነትም ፊት አይቶ ሲጽፍ ሐሜቱ ያው ሆነ። ከዋናው ከተማ ብቻ "ቅቤያችሁ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል" የሚል ደብዳቤ መጣ። ፔንግሊ ደብዳቤውን አጣጥፎ ምድጃ ውስጥ ከተተው።

ዱልሲ ሆርስፎል የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። ከወንዙ ማዶ አሥራ አራት ላሞች አሏት፣ ምላሷ ደግሞ ለብቻው አሥራ አምስተኛ ነው። ፔንግሊ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ሲጽፍባት ኖሯል። አንድ ቀን ጠዋት ጣሳዋን መድረኩ ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። ፔንግሊ ክዳኑን አነሳ፣ ሳበ፣ ፊቷን አየ።

"የዱር ሽንኩርት" አለና ሁለት ጻፈ።

"ይሸታል?"

"ዓይኔን አቃጠለኝ እኮ!"

"እስቲ ደግመህ ሳበው፣ ሚስተር ፔንግሊ። እንዳይቀርብህ።"

"ሴትዮ፣ ሰው ተሰልፏል። ጣሳሽን ይዘሽ ዞር በይልኝ።"

ዱልሲ ጣሳውን በእግሯ ገፍታ ደፋችው። ነጩ ነገር መድረኩ ላይ ተዘረገፈ።

"ስታርች ነው!" አለች ወደ ሰልፉ ዞራ። "የሸሚዝ ኮሌታ የምናደርቅበት ስታርች! ትናንት አፍልቼ በእንቁላል አስኳል ያቀለምኩት! ይሄ ሰውዬ ከስታርች ውስጥ ሽንኩርት አሸተተ!"

ሰልፉ ተበተነና መድረኩን ከበበ። ፔንግሊን ግን ሳያስብ አፉ ቀደመው።

"ሽንኩርቱ ከጣሳው ነው መቼ አልኩ? ካንቺ ነው።"

ጥቂቶች ሳይፈልጉ ሳቁ። ዱልሲ ግን አልሳቀችም፤ መሐረቧን አወጣች።

"እንግዲያው ዓይንህን እንሸፍንና አሽትተህ ንገረን። የማን እንደሆነ ሳታይ።"

"እኔ የምክር ቤት ሰብሳቢ ነኝ! የልጆች ጨዋታ አልጫወትም!"

"ተጫወት፣ ኦስመንድ" አለ ሴሲል ሙክል። የቦርዱ ሊቀ መንበር ነው፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ይናገራል፣ ሲናገር ግን ነገር ያልቃል።

እምቢ ቢል አለቀለት፤ እሺ ቢልም አለቀለት። እሺ አለ።

ዓይኑን አሰሩት። የመጀመሪያው ክዳን አፍንጫው ሥር መጣ። ምንም የሚሸት ነገር የለም፤ ምንም የሚሰማም ድምፅ የለም። አንድ ሰው ብቻ ጎምጅቶ ምራቁን ዋጠ።

"አንድ" አለ ፔንግሊ። ሰዉ አጉረመረመ፤ አግኝቶታል።

ሁለተኛው ከጎተራ ጀርባ ከፋሲካ ጀምሮ ተረስቶ ከቆየ ጣሳ የተነሳ ነበር። ክዳኑ ገና ሲከፈት የሙክል ውሻ ራሱን ስቶ ከመድረኩ ወደቀ። ፔንግሊ የጫማ ሚስማር ሳንቃውን እየቧጨረ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሰማ። ሳል ሰማ። አንዱ "ወይኔ እናቴ" ሲል ሰማ።

"ሁለት!" ብሎ ጮኸ። "ሁለትም ይበዛበታል! ውሰዱና ቅበሩት!"

የሰዉ ቅስም ስብር አለ። ፔንግሊ በመሐረቡ ሥር ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። እነዚህ ሁሉ ጠላቶቹ አርባ አፍንጫ ይዘው ቆመውለታል፤ እሱ ጆሮ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እስኪሞት ድረስ በእነሱ አፍንጫ መድረኩ ላይ ይኖራል።

ዱልሲ ግን ወደ ኋላ የሸሹትን ጫማዎች ስታይ ነበር። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሁሉንም ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ የራሷን አፍንጫ በሁለት ጣት ቆንጥጣ ያዘች። ገባቸው። አርባው ሰው አፍንጫውን ያዘና እንደ አጥር ግንድ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያንኑ የገማ ክዳን መልሳ አቀረበችለት።

ፔንግሊ አዳመጠ። ጫማ የለም። ሳል የለም። ደረቱ እስኪነፋ ሳበ።

"አንድ" አለ። "ምርጥ! ይሄማ ከሚስተር ሙክል ቤት ካልሆነ ከየትም አይመጣም።"

መሐረቡን ራሱ ፈታው። አርባ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያየዋል።

ሙክል ቀስ ብሎ እጁን አወረደ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ በምን ስታሸት ከረምክ?"

"በፊታችሁ" አለ ፔንግሊ። "ፊታችሁ ይበቃኝ ነበር።"

ከመድረኩ ያወረዱት እንደፈራው እያፏጩ ነበር። ጠመኔውን ከጣቶቹ መሐል የነጠቀችው ዱልሲ ናት። ፈቃድ ያለው አሽታች ከከተማ እስኪመጣ ማን ያሽትት ሲባል፣ ዱልሲ ከሁሉም ጋር የተጣላች ስለሆነች ለማንም አታደላም ተባለና መድረኩ ላይ ቀረች። የምክር ቤቱን ወንበር አልቀሙትም። እዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚወራው ስለ ፍሳሽ ቦይ ስለሆነ አፍንጫ የሌለው ሰው ይሻላል አሉ።

ፔንግሊ ፋብሪካው የሰጠውን ቤት ለቆ ከከተማው ዳር ሰፈረና አንዲት ላም ገዛ። በሁለተኛው ወር ትንሽ ጣሳ ይዞ ሰልፍ ገባ። ከፊቱ ያለው ገበሬ ዞር ብሎ አየውና "ሰልፉ ከኋላ ነው፣ አለቃ" አለው፤ ፔንግሊ እዚያው ከኋላ ቆሞ ሳለ። ተራው ደረሰ። ዱልሲ ክዳኑን አነሳች፣ ሳበች፣ ከዚያ በክዳኑ አናት ላይ አሻግራ ፊቱን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። ሁለት ጻፈች።

"ምን አለበት?" አለ።

"አሽትተው።"

ፔንግሊ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ጣሳው ውስጥ ከተተ፤ ሳበ፤ ደግሞ ሳበ። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ጣሳውን በሁለት እጁ አነሳና ማንንም ሳያይ ሄደ።

እርሳሴ እንዳይሰበር አንድ ነገር ላስተካክል፦ ውሻው ራሱን አልሳተም። ያ የኔ ጭማሪ ነው። ተነስቶ ቤቱ ነው የሄደው።