«ወንድም የለኝም»

«ጨጓራ ነው የገደለው» አለች ጣሂራ።

ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ጎረቤት «ማሌሽ፣ ማሌሽ፤ አላህ ያጽናችሁ» ብላ ሰዓት እላፊው ሳይደርስባት ተነሥታ ወጣች።

ጀውሀራ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ሙኽታር ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አክስቱ ጣሂራ ጁባ ናባሪ በሚባለው የጁባ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ለሚመጣው ሁሉ ጨጓራ ትላለች። ጀውሀራም እውነቱን ላትናገር ለሙኽታር ቃል ገብታለት ነበር።

የሟች ታናሽ ወንድም ረፊቅ ከድንኳኑ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ትንፋሹን ሰበሰበ። አምና ጁባ ታውን ገበያ ባለው ሱቃቸው ውስጥ ሙሉ ጆንያ ስኳር ተሸክሞ ይሮጥ ነበር። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ምነው ገረጣህ?» አለችው ጀውሀራ።

«ሐዘን ነዋ። አክስቴም ምግብ ነፍጋኛለች።»

«ሦስት ሳህን ያጸዳው ማን ነው ታዲያ?» አለች ጣሂራ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የዚህ ቤት ወንድ አርባ አይሞላም። አባታቸው በሠላሳ ስምንት፣ ሙኽታር በሠላሳ ዘጠኝ። እኛ ሴቶቹ እንሰነብታለን። የአላህ ውሳኔ ነው።»

ረፊቅ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

ጀውሀራ አዲስ አበባ ሄደው ሙኽታርን ያሳዩት ሐኪም ትዝ አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ የኪንታሮት ቅባት ሲቀባ የኖረው ሙኽታር አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«የአንጀት ካንሰር ነው» አለው ሐኪሙ። «ብዙውን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው የምናየው፤ ወንዶች ላይ በዛ ይላል። እንዲህ በወጣትነት ሲመጣ ግን የሥጋ ዘመድም መመርመር አለበት። ወንድም አለህ?»

«የለኝም» አለ ሙኽታር።

ወንድሙ ሕመሙን እንዳያውቅበት አፍሮ ነው። ጀውሀራም አጠገቡ ተቀምጣ አላረመችውም።

«ረፊቅ» አለች አሁን፤ «ጨጓራ አልነበረም። የአንጀት ካንሰር ነው።»

«ጀውሀራ፣ ሰው ይሰማል» አለች ጣሂራ።

«ይስማ።» ሐኪሙ የጠየቀውን፣ ሙኽታር የመለሰውን ነገረችው። «እኔም ዝም አልኩ።»

ረፊቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ወንድም የለኝም አለ?»

«አዎ።»

«ቅባቱን የምገዛለት እኔ ነበርኩ። እሱ ይደማ ነበር። እኔ ምንም ደም አላየሁም።»

«የእሱ ካንሰር በግራ በኩል፣ ወደ ታች ነበር። በኋላ ብቻዬን ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። በቀኝ በኩል ሲሆን ደሙ ብዙ ጊዜ ለዓይን አይታይም፤ ሰውየው ይደክማል፣ ይገረጣል እንጂ። ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን አለ።»

«የአርባ ቀኑ ሰደቃ ሳይወጣ?» አለች ጣሂራ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሁለት ሰደቃ እንዳናወጣ ነው፣ እትዬ።»

ረፊቅ ግድግዳውን ይዞ ሊነሣ ሞክሮ ግማሽ ላይ ቀረ። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን ወንድም እጅ አትነካም። ጀውሀራ የሻሿን ጫፍ መዳፏ ላይ ጠቅልላ እጇን ዘረጋችለት። የእጁ ቅዝቃዜ በጨርቁ አልፎ ተሰማት። ባለፈው ሳምንት ይዛው የሰነበተችው እጅም እንዲሁ ነበር።

«ሐሙስ» አለ ረፊቅ።

ከቆመም በኋላ አለቀቀችውም።