ውሃው ይቀናል

ከተማችንን ጭስ ውሃን የመሠረታት አንድ ቁርጥማት የያዘው ገበሬ ነው። ሰውየው በበቅሎ ተጭኖ በሽሎ ወንዝ ዳር ወዳለው ፍል ውሃ ወረደ፤ በሰባተኛው ቀን በእግሩ ቆመና እዚያው ጎጆ ቀለሰ። እናቴ እንዲህ ነበር የምትነግረኝ። ከዚያ ለታጣቢዎች የሚከራዩ ቤቶች ተሠሩ፤ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ሻይ ቤት፣ ትምህርት ቤት ተከተለ። እኔም ወገዳ ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ተመለስኩና እናቴ የተወችልኝን አራት ክፍሎች አከራያለሁ።

ለእንግዳ ሁሉ የምንነግረው አንድ ሕግ አለን። ሰባቱን ቀን የሚታጠብ ሰው ሌላ መድኃኒት አይነካም፤ ውሃው ይቀናል። የስንቱን ኪኒን ተቀብዬ ሳጥን ውስጥ እንደቆለፍኩ አላስታውስም።

አምና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ትዝታ ጉልበቷ አበጠ። ንፋስ መውጫ ያያት ሐኪም ሕመሙ ልቧ ላይ እየወጣ ነው አለኝ፤ በየወሩ መርፌ ትወጋ፣ አንድም ወር እንዳታሳልፊ ብሎ አስጠነቀቀኝ። መቼም ክፉው አስቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፍኩ ስድስት ወር ወገዳ እያመላለስኩ አስወጋኋት።

በጥቅምት ጉልበቷ እንደገና ሲያብጥ ፍል ውሃው ውስጥ አስገባኋት። የመርፌው ቀን በአራተኛው ቀን ላይ ዋለ። ልወስዳት ስነሳ ገንዳውን የሚጠብቁት ጋሼ ፈንታ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«የሰውን ኪኒን ስትቆልፊ ኖረሽ፣ የራስሽ ልጅ ሲሆን ሕጉ ቀረ? እንግዳው ምን ይላል?»

አፈርኩ። ሦስት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ተመለስኩ።

በስምንተኛው ቀን የወገዳ መንገድ ተዘጋ። ተኩስ አለ ተባለ፤ መኪናም በቅሎም ቆመ። ሲከፈት ሁለት ወር አልፎ ነበር። ንፋስ መውጫ ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ወረቀቱን እንጂ እኔን አላየም። ልቧ ተጎድቷል፤ ከእንግዲህ መርፌው ብቻ አይመልሰውም፤ ቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ነው፣ ወረፋውም የዓመታት ነው አለኝ።

ትናንት አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ከአርብ ገበያ ከተማ መጣች። ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት። ክፍል ከማየቷ በፊት ኪኒኑን ታቋርጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጋሼ ፈንታ ደጃፌ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንዳታቋርጪ፤» አልኳት። «ውሃው አይቀናም። ውሃ ነው።»

ጋሼ ፈንታ ከዘራቸውን አንስተው ቆሙ። «ከተማዋን ቀበርሻት፤» አሉኝ።

ሴትዮዋ ግን የተቆጣችው በእኔ ነበር። ውሃ ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ምን ልሠራ ወረድኩ ብላ፣ ልጇን እንዳዘለች ጎረቤቴ አልጣሽ ቤት ገባች። አልጣሽ ኪኒኑን ተቀብላ ስትቆልፍ በአጥሩ በኩል አየኋት።

ትዝታ ከገንዳው እየመጣች ነበር። ድሮ ሮጣ የምትወጣው ዳገት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆሜ ጠበቅኳት።